የጣሪያው ባለቤት ሲከፈለው ሒሳቡ ለማን ይደርሳል?

በ2025 ኦክቶበር ማብቂያ ላይ (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የብሪታንያ መንግሥት ሲያዩት ደረቅ የሚመስል ጥያቄ ለሕዝብ አስተያየት አቀረበ። በጣሪያቸው ላይ የፀሐይ ፓነል ተክለው፣ በማሳቸው ላይ ትንሽ የነፋስ ተርባይን አቁመው ኤሌክትሪክ ለሚያመነጩ ሰዎች የሚከፈለው ገንዘብ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ ይላል። ጭማሪው የሚሰላበት መለኪያ ይቀየር ወይስ ባለበት ይቆይ? ነው ጥያቄው። እስከዚያ ያገለግል የነበረው የችርቻሮ ዋጋ መለኪያ የሚባለው የቆየ ስሌት ሲሆን፣ የአገሪቱ የስታቲስቲክስ ባለሥልጣናት ራሳቸው በ2013 ከይፋዊ የጥራት ደረጃው አውርደውታል። ከተለመደው የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ጋር ሲነጻጸር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ በመቶ ገደማ ይበልጣል። አንድ በመቶ ምን አላት የሚል ካለ፣ ክፍያው ለ20 እና ለ25 ዓመታት የተገባ ቃል መሆኑን ያስብ።

ከዚህ ደረቅ ጥያቄ ጀርባ የቆየ ጭቅጭቅ አለ። መንግሥት ለአንድ ባለቤት «ይህን ብትተክል ለሩብ ምዕተ ዓመት ይህን ያህል ታገኛለህ» ብሎ ቃል ሲገባ፣ ቃሉ ምን ያህል ይጸናል? ገንዘቡስ ከማን ኪስ ይወጣል?

የክፍያው ሥርዓት ሥራ የጀመረው ኤፕሪል 1 ቀን 2010 ነው። ሕጋዊ መሠረቱ የ2008 የኃይል አዋጅ ሲሆን፣ ሰሜን አየርላንድን ሳይጨምር በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ ተሠራበት። አቅሙ ከ5 ሜጋዋት ያልበለጠ የፀሐይ፣ የነፋስ፣ የውኃ ወይም የባዮጋዝ ማመንጫ ያለው ሁሉ መግባት ይችል ነበር። በቁጥር ስንመለከተው ግን የፀሐይ ፓነል ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ወንዝ ያለው ሰው ጥቂት ነው፤ ጣሪያ ያለው ብዙ ነው።

ክፍያው ሁለት ዓይነት ነበር። የመጀመሪያው የማመንጫ ክፍያ ነው፤ በቆጣሪው ላይ ለተመዘገበ ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ይከፈላል፣ ባለቤቱ ኤሌክትሪኩን ራሱ ሻይ አፍልቶበት ቢጨርሰውም እንኳ። ሁለተኛው ተርፎ ወደ ኃይል ቋቱ ለገባው የሚከፈል ነው። በመጀመሪያው ዓመት በነባር ቤት ጣሪያ ላይ ለተተከለና ከ4 ኪሎዋት ላልበለጠ ፓነል የማመንጫ ክፍያው 41.3 ፔኒ (መቶ ፔኒ አንድ ፓውንድ ነው)፣ የሽያጩ ደግሞ 3 ፔኒ ነበር። በዚያን ወቅት አንድ ቤተሰብ ከኩባንያ ለሚገዛው ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት 13 ፔኒ ገደማ ይከፍል ነበር። የማመንጫ ክፍያው ብቻውን ከገበያው ዋጋ ሦስት እጥፍ በላይ ነው ማለት ነው።

እስቲ በአንድ ቤት ላይ እናስላው። በ2010 አንድ መጠነኛ የቤት ፓነል ከነኢንቨርተሩ (የፓነሉን ኤሌክትሪክ ለቤት እንዲሆን አድርጎ ከሚለውጠው መሣሪያ) እና ከነመግጠሚያው 13 ሺህ ፓውንድ አካባቢ ይፈጅ ነበር። አቅሙ 2.5 ኪሎዋት ነው እንበል፤ በደቡብ እንግሊዝ ወደ ደቡብ በዞረ ጣሪያ ላይ በዓመት ወደ 2,200 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ይህ በ41.3 ፔኒ ሲባዛ 908 ፓውንድ ይሆናል። ግማሹን ሸጠ ብንል 33 ፓውንድ ይጨመራል፤ ሌላውን ግማሽ ከመግዛት ስለዳነ ደግሞ ወደ 143 ፓውንድ ይቆጥባል። ድምሩ 1,084 ፓውንድ ነው፤ ካወጣው ገንዘብ አንጻር 8 በመቶ ያህል መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ባንክ ወለድ በግማሽ በመቶ ላይ በተቀመጠበት ዘመን ከግብር ነጻ የሆነ፣ ከዋጋ ንረት ጋር የሚያድግና 25 ዓመት የሚዘልቅ 8 በመቶ ማንም ጡረተኛ እንቅልፍ አጥቶ የሚያስብበት ነገር ነው። በእርግጥም ጡረተኞች ቀድመው ገቡ።

በሥርዓቱ ውስጥ አንዲት አስቂኝ ቀዳዳ ነበረች። አነስተኛ ማመንጫዎች ወደ ቋቱ የሚልኩትን ለይቶ የሚለካ ቆጣሪ ስላልነበራቸው፣ ካመነጩት ግማሹን እንደላኩ ተቆጥሮ ይከፈላቸዋል። ብልሁ ባለቤት ታዲያ ትርፉን ኤሌክትሪክ ወደ ቋቱ ከመሄዱ በፊት ይዞ ወደ ሙቅ ውኃ ጋን የሚመልስ ትንሽ መሣሪያ ይገጥማል። ለተመነጨው ተከፍሎታል፤ «ተልኳል» ለተባለውም ተከፍሎታል፤ በዚያው ኤሌክትሪክ ገላውን ታጥቦበታል። ሕግ የጣሰበት ነገር የለም። ደንቡ ሲጻፍ የመለኪያው ወጪ ከክፍያው እንዳይበልጥ ተብሎ አውቆ የታለፈ ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ኪሱ እንምጣ። «መንግሥት ይከፍላል» ማለት ልማድ ሆኖ ነው እንጂ ገንዘቡ ከግምጃ ቤት አልወጣም። ለባለቤቶቹ የሚከፍሉት የኤሌክትሪክ አቅራቢ ኩባንያዎች ናቸው። የኃይል ተቆጣጣሪው ኦፍጌም ደግሞ ሸክሙን እንደየገበያ ድርሻቸው ያከፋፍላል፤ ኩባንያዎቹ በበኩላቸው በደንበኞቻቸው ወርኃዊ ሒሳብ ላይ ይጨምሩታል። በዓመት ከ1 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ በዚህ መንገድ ይዘዋወራል። በአሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይታ የምትኖር ነርስ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ከባንክም 13 ሺህ ፓውንድ የማታገኝ፣ ማሞቂያዋን በከፈተች ቁጥር ለባለ ጣሪያው ጥቂት ሳንቲም ታዋጣለች። እኔ ከዚህ ሥርዓት ትልቁ ጉድለት ይህ ነው ባይ ነኝ። የመንግሥት በጀት ቢሆን ኖሮ ሀብታም በግብር የበለጠ ያዋጣበት ነበር፤ በኤሌክትሪክ ሒሳብ ሲሰበሰብ ግን ሸክሙ ከገቢ ጋር አይመጣጠንም፣ ድሃ ከገቢው ላይ ለኃይል የሚያውለው ድርሻ ሁልጊዜም ይበልጣልና።

ገንዘብ የሌለው ግን ጣሪያ ያለውስ? ለእሱ የጣሪያ ኪራይ መጣለት። ኩባንያዎች ፓነሉን በነጻ ይተክሉለታል፤ በቀን የሚመነጨውን ኤሌክትሪክ በነጻ ይጠቀማል፤ የማመንጫና የሽያጭ ክፍያው ግን ለ25 ዓመታት የኩባንያው ነው። ለጣሪያው ባለቤት በዓመት ከአንድ መቶ ፓውንድ ጥቂት ከፍ የሚል ቁጠባ ይተርፈዋል፤ ዋናውን ገንዘብ ሌላው ይወስዳል። ችግሩ ኋላ ቤቱ ሲሸጥ ይመጣል። ጣሪያው ለሩብ ምዕተ ዓመት ለሌላ የተከራየ በመሆኑ፣ የቤት ብድር የሚሰጡ ባንኮች የኪራይ ውሉን ካልመረመርን ብለው ሽያጩን የሚያዘገዩበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። በለንደንም ሆነ በሊድስ ቤት ለመግዛት የሚያስቡ ወገኖቻችን ጣሪያው ላይ ፓነል ካዩ፣ «ስንት ያመነጫል?» ከማለታቸው በፊት «የማን ነው?» ብለው ጠበቃቸውን ቢያስጠይቁ ይበጃቸዋል።

መልካም ምሳሌዎችም አሉ። በደቡብ ለንደን ብሪክስተን በላፍበራ የመኖሪያ መንደር፣ የአካባቢው ነዋሪዎች አክሲዮን ገዝተው በ2012 በአንድ የማኅበራዊ ቤቶች ሕንፃ ጣሪያ ላይ 37 ኪሎዋት ፓነል ተከሉ፤ የክፍያው ሥርዓት ባይኖር ሒሳቡ አይሠራም ነበር። የአካባቢ ምክር ቤቶችና የቤቶች ማኅበራትም በተከራዮቻቸው ጣሪያ ላይ ተክለዋል። ይሁንና ከጠቅላላው ሲታይ ትንሹ ክፍል ይህ ነው።

የሥርዓቱ ፈተና የመጣው ከራሱ ስኬት ነው። የፓነል ዋጋ ከተገመተው በላይ ወረደ። በ2010 በ13 ሺህ ፓውንድ ይተከል የነበረው በ2011 መጸው 9 ሺህ አካባቢ ደረሰ፤ ክፍያው ግን እንዲያውም በዋጋ ንረቱ ምክንያት ወደ 43.3 ፔኒ ከፍ ብሎ ነበር። ቀደም ሲል 8 በመቶ ያሰላነው ትርፍ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ከ12 በመቶ አለፈ። ሰው ጎረፈ። መንግሥት ደነገጠ፤ ክፉው ነገር የተደነገጠው ዘግይቶ መሆኑ ነው።

ኦክቶበር 31 ቀን 2011 ሚኒስቴሩ ክፍያው ወደ 21 ፔኒ እንዲወርድ ሐሳብ አቀረበ፤ ይህም ከዲሴምበር 12 በኋላ የሚተከሉትን ሁሉ ይነካል ተባለ። ለሕዝብ አስተያየት የተሰጠው ጊዜ የሚያበቃው ደግሞ ዲሴምበር 23 ነበር። ሰው «ምን ይመስልሃል?» ተብሎ ሳይመልስ ውሳኔው ሥራ ላይ ሊውል ነው። ስድስት ሳምንት ቀረው የተባለው ፓነል የሚገጥም ሠራተኛ ሁሉ በዝናብና በጨለማ ጣሪያ ላይ ዋለ፤ መወጣጫ የሚያከራዩት ሰዎች ፋታ አጡ፤ የምዝገባው ሥርዓት በማመልከቻ ተጨናነቀ። ከዲሴምበር 12 ማግስት ደግሞ ስልኩ ዝም አለ።

ፍሬንድስ ኦፍ ዘ ኧርዝ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ከሁለት የፀሐይ ኃይል ኩባንያዎች ጋር ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰደው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዲሴምበር 21 ቀን 2011 የመንግሥትን አካሄድ ሕገወጥ አለ፤ ይግባኝ ሰሚው በጃንዋሪ 2012 አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች ይግባኙን አልቀበልም አለ። የፍርዱ ፍሬ ነገር ዛሬም ድረስ ሥርዓቱን ያቆመው ምሰሶ ነው። ሚኒስትሩ ወደፊት ለሚመጡት ዋጋ መቀነስ ይችላል፤ ደንቡ በሕግ አግባብ ከመሻሻሉ በፊት ተክሎ መብት ያገኘውን ሰው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቀንስበት አይችልም። በዚህም ምክንያት እስከ ማርች 2 ቀን 2012 የተከሉት ሁሉ 43.3 ፔኒውን አስከበሩ። ከዋጋ ንረት ጋር እየጨመረ ሄዶ ዛሬ ከ60 ፔኒ በላይ ሆኗል። ነርሷ ታስታውሳለች።

ጀርመኖች ይህን ነገር ከብሪታንያ አሥር ዓመት ቀድመው ጀምረውት ነበር፤ ከእነሱ መማር ይቻል ነበር። በኤፕሪል 2000 የወጣው የታዳሽ ኃይል ሕጋቸው ለፀሐይ ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት 99 ፌኒግ፣ ማለትም 50 ሳንቲም ዩሮ ያህል፣ ለ20 ዓመታት አረጋገጠ። ከ41.3 ፔኒው የሚያንስ ገንዘብ አልነበረም። ልዩነቱ የቁልቁለቱ አያያዝ ነው። በየዓመቱ አዲስ የሚገቡት የሚያገኙት ዋጋ በስንት እንደሚቀንስ ሕጉ ራሱ አስቀድሞ ጻፈው፤ ኋላም የተተከለው ብዛት ከታሰበው ሲያልፍ ቅናሹ በዚያው ልክ እንዲፈጥን አደረጉት። በእርግጥ እነሱም ከ2009 እስከ 2012 ባለው ግርግር ተሳስተዋል፣ ፓርላማቸው ደጋግሞ አስተካክሏል። ቢሆንም ዛሬ የሚተክል ሰው የነገውን ዋጋ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ የመጨረሻ ቀን ለመድረስ በሌሊት ጣሪያ ላይ መውጣት አያስፈልገውም። በፌብሯሪ 2025 ለትንሽ የቤት ማመንጫ ክፍያው ወደ 7.94 ሳንቲም ወርዶ ነበር። ከ50 እስከ 8፣ ብዙ ትናንሽ ደረጃዎች።

የጀርመን ተጠቃሚም ከፍሏል። በሒሳቡ ላይ የሚጨመረው የታዳሽ ኃይል መዋጮ በ2017 በኪሎዋት ሰዓት 6.88 ሳንቲም ደረሰ፤ ከባድ ኢንዱስትሪው ግን ከመዋጮው በአብዛኛው ነጻ ነበር። በጁላይ 2022 የጋዝ ዋጋ ሰማይ ሲነካ መዋጮውን ከሒሳቡ አንስተው ወደ ፌዴራል በጀት አዛወሩት። ከላይ ስለ ነርሷ ያነሣሁትን ቅሬታ ያየ ሰው ይህ እርምጃ ለምን ትክክል እንደሆነ አይጠፋውም፤ ሃያ ሁለት ዓመት መፍጀቱ ግን ያስገርማል።

ስፔን የከፋው መንገድ ናት። የ2007ቱ ድንጋጌ ለፀሐይ ኃይል እጅግ ለጋስ ክፍያ አስቀመጠ፤ የመንግሥት የኃይል ቁጠባ ተቋም «ፀሐይ የእርስዎ ልትሆን ትችላለች» እያለ ተራውን ዜጋ ጋበዘ። መምህሩ፣ ገበሬው፣ ባለ ሱቁ ቤቱን አስይዞ ተበድሮ ከጋራ የፀሐይ ማሳ ላይ ድርሻ ገዛ። በ2008 ስፔን በዓለም ላይ አንደኛ ተካይ ሆነች። የኢኮኖሚ ቀውሱ ሲመጣ መንግሥት ከ2010 ጀምሮ፣ በተለይም በ2013 እና በ2014፣ ቀደም ብለው የገቡትን ሳይቀር ክፍያቸውን ቆረጠ። የውጭ ባለሀብቶች በዓለም አቀፍ የኃይል ስምምነት መሠረት ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደው ብዙዎቹ ካሳ ተፈረደላቸው። የራሷ ዜጎች ግን ያ በር ተዘግቶባቸው ዕዳቸውን ይዘው ቀሩ። በማስታወቂያው የተጠሩት እነሱ ነበሩ።

ሰሜን አየርላንድ ደግሞ ሌላ ትምህርት ትቷል፤ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ሳይሆን የሙቀት ነው፣ ግን ዘመዱ ስለሆነ አይታለፍም። በ2012 የተጀመረው የእንጨት ማገዶ ማሞቂያ ድጎማ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ከማገዶው ዋጋ ይበልጥ ነበር፤ ገደብም አልተደረገበትም። ባነደዱ ቁጥር ትርፍ ነው። ታሪኩ ሲፈነዳ በጃንዋሪ 2017 የክልሉን መንግሥት ይዞት ወደቀ። በፀሐይ ኤሌክትሪክ በኩል ይህ አይከሰትም፤ ፀሐይን ማንም ጨምሮ ሊያነዳት አይችልም።

ወደ ብሪታንያ እንመለስ። ከ2012 በኋላ ክፍያው በየጊዜው ሲወርድ ቆየና በ2015 መንግሥት ወደ 1.63 ፔኒ ላድርገው አለ፤ ከተቃውሞ በኋላ ለሦስት ሳምንት ያህል ሥርዓቱ ተዘግቶ በፌብሯሪ 2016 በ4.39 ፔኒ ተከፈተ። ለአዲስ ገቢ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ማርች 31 ቀን 2019 ነው። እስከዚያው ከ8 መቶ ሺህ በላይ ማመንጫዎች ተመዝግበዋል፤ አቅማቸው ሲደመር ከ6 ሺህ ሜጋዋት ያልፋል።

ለመሆኑ ያ ሁሉ ገንዘብ ምን ገዛ? ኤሌክትሪኩን ብቻ ከቆጠርን በጣም ተወድዷል፤ በዚያ ገንዘብ በባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን ማቆም ይሻል ነበር የሚሉ አልተሳሳቱም። ነገር ግን የጀርመን፣ የጣሊያን፣ የስፔንና የብሪታንያ ሒሳብ ከፋይ ለፓነል ገበያ ሲፈጥር የቻይና ፋብሪካዎች ሰፉ፤ ከ2010 እስከ 2020 የፓነል ዋጋ ከ80 በመቶ በላይ ወረደ። ዛሬ በመርካቶ የሚሸጠው፣ በኢትዮጵያ ገጠር ቤት መብራት የሚያበራውና የመስኖ ውኃ የሚስበው ፓነል ርካሽ የሆነው በከፊል እነዚያ ሰዎች ውዱን ዘመን ስለከፈሉበት ነው። ለዚህ ብቻ ስል የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ልግስና አልኮንንም። የምኮንነው አወራረዱንና ሸክሙ ማን ላይ እንደተጣለ ነው።

ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የተተካው ሥርዓት ሌላ ጽንፍ ነው። ከ150 ሺህ ያላነሱ ደንበኞች ያሏቸው አቅራቢዎች ከቤት የሚላከውን ኤሌክትሪክ እንዲገዙ ተገድደዋል፤ ዋጋው ግን ከዜሮ በላይ ይሁን እንጂ የፈለጉት ነው። አንዱ ጥቂት ፔኒ፣ ሌላው 15 ፔኒና ከዚያ በላይ ይሰጣል፤ የተሻለውን ዋጋ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ «ኤሌክትሪክም ከእኔ ግዛ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለው። በየግማሽ ሰዓቱ የሚለካ ቆጣሪ ግድ ነው፤ የግማሹ ግምት አከተመ። ለሩብ ምዕተ ዓመት የሚዘልቅ ቃል የለም። መንግሥት የሚሰጠው ድጋፍ ወደ ግብር ተዛውሮ ከኤፕሪል 2022 እስከ ማርች 2027 በቤት ላይ ለሚተከል ፓነል የተጨማሪ እሴት ታክስ ዜሮ ሆኗል። ይህ ሥርዓት ነርሷን አይጎዳም፤ የሚከፈለው ለኤሌክትሪኩ ብቻ ነውና። ነገር ግን ጣሪያ ለሌላት የሚያደርግላትም ነገር የለም።

ለዛሬ ተካይ ትርፉ ያለው በመላክ ሳይሆን በመጠቀም ነው። በ2022 መጸው የኤሌክትሪክ ዋጋ በመንግሥት ጣልቃ ገብነት ተገድቦ እንኳ በኪሎዋት ሰዓት 34 ፔኒ ገደማ ነበር፤ ከራስ ጣሪያ የተጠቀሙበት እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ያንን ያስቀራል። ባትሪ የሚገዛው ሰው የበዛው በዚህ ምክንያት ነው። በጀርመን ደግሞ ቀትር ላይ የሁሉም ጣሪያ በአንድ ጊዜ ስለሚልክ በ2024 በ457 ሰዓታት የጅምላ ዋጋው ከዜሮ በታች ወርዶ ነበር፤ ከፌብሯሪ 2025 ወዲህ ለሚተከሉት በእነዚያ ሰዓታት ክፍያ የለም።

ነባሮቹ ባለ ውሎች አንድ ምርጫ አላቸው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የማመንጫ ክፍያቸውን ሳይለቁ የሽያጩን ክፍል ብቻ ትተው ወደ አዲሱ ገበያ መሄድ ይችላሉ። ቀን ቀን ቤት የማይውል፣ ካመነጨው አብዛኛውን የሚልክ ሰው በዚህ ይጠቀማል። ትርፉን ወደ ውኃ ጋን የሚመልሰው ግን ባለበት ቢቆይ ይሻለዋል፤ በትክክል ከተለካ የሚላከው ከግማሽ በታች መሆኑ ይታወቅበታል። የመጀመሪያዎቹ የ25 ዓመት ውሎች የሚያበቁት በ2035 ነው። በጀርመን የመጀመሪያዎቹ በ2020 ማብቂያ ሲያልቁ ፓነሎቹ ገና ይሠሩ ስለነበር፣ ሕግ አውጪው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ተሯሩጦ የገበያውን ዋጋ እያገኙ እንዲቀጥሉ ፈቀደላቸው።